ትሰማለች ያልኩ ዕለት

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ለውጥ መጣ ተብሎ በየቢሮው አዲስ ፎቶግራፍ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ጦርነቱ ግን ገና ወደኛ አልወረደም ነበር። የገበያ ማግስት ነው ልበል እንጂ አልምልበትም። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር ታውቀው ነበር። እሷ ቀን አትስትም ነበር።

እኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የጥበቃ ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ በደርግ ጊዜ ማታ ማታ ፊደል አስቆጠሩን። ስሜን መጻፍና ጋዜጣ በጣት እየተከተልኩ ማንበብ ስችል ይበቃኛል አልኩ። ስለዚህ ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ የሚያነበውም ቀስ ይበልልኝ።

የልጄ ልጅ እኔው ጋ ነው ያደገችው። እናቷ ዓረብ አገር ናት። ልጅቷን በሁለት ዓመቷ ማጅራት ገትር የሚሉት በሽታ ያዛትና ደሴ ሆስፒታል አስተኛናት። ነፍሷ ተረፈች፣ ጆሮዋ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ስትፈልገኝ እጅጌዬን ትጎትታለች፣ ስትናደድ ትጮሃለች፤ የኛ ወሬ ይኸው ነበር።

ከግቢው ጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ድሮ የኖራ ማስቀመጫ የነበረ አንድ ክፍል አለ። እሱን አጸዱና በሩ ላይ «ልዩ ፍላጎት» ብለው በቀለም ጻፉበት። መስማት የማይችሉ አሥራ አንድ ልጆች ገቡበት። የምልክት ቋንቋ የተማረ አንድ ወጣት መምህር ተመደበላቸው። አንድ ብቻ። እሱ ከታመመ ክፍሉ ይዘጋል፤ እሱ ለሐዘን ከሄደ ክፍሉ ይዘጋል።

ልጅቷ እዚያ ገብታ ዓመት እንደሞላት አንድ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ መጣችና በእጇ አወራችኝ። ጣቶቿ እንደ ወፍ ነው የሚሄዱት። አልገባኝም። መምህሩ ከኋላዋ ቆሞ ሳቀ።

«ምን ትላለች?» አልኩት።

«ከስሳዎታለች፣ አባባ። ትናንት ዓሣ በልተው አጥንቱን ለድመቷ መስጠት ሲገባዎ በአጥር ወርውረውታል ትላለች።»

ስምንት ዓመት አብራኝ ኖራ የመጀመሪያ ንግግሯ ክስ ሆነ። ያን ቀን ከሳቄ ብዛት የግቢውን በር ሳልዘጋ የሰው ፍየል ገብታ የርዕሰ መምህሩን አበባ በላችው።

መምህሩን ሌሎቹ መምህራን ይቀልዱበት ነበር። «ዛሬስ ተማሪዎችህ ረበሹህ?» ይሉታል ሻይ ላይ። እሱም «የእናንተዎቹ ይሰማሉ፤ ግን ማን ያዳምጣችኋል?» ይላቸዋል። ይሳቃል። ዕድገት ሲወጣ ግን ስሙ የለም፤ ጥቂት ልጅ የያዘ ሰው ምን ሠራ ይባላል እየተባለ ያልፈዋል።

አንድ ጊዜ የመንግሥት ድጋፍ መጣ ተብሎ በአይሱዙ ሳጥን ተጫነልን። ልጆቹ ሳይቀሩ ሮጠው ወጡ። ስንከፍተው ነጭ በትር ነው፤ ወፍራም ወረቀትና ወስፌ የሚመስል መጻፊያም አለበት። የዓይነ ስውራን ዕቃ።

«ወንድሜ፣ የኛዎቹ ዓይናቸው ደህና ነው፤ ችግሩ መስማቱ ነው» አለው መምህሩ ሾፌሩን።

«ልዩ ፍላጎት አይደላችሁም እንዴ?»

«ነን።»

«እንግዲያ ፈርመህ ተረከብ። እኔ በዚህ መንገድ ተመልሼ አልጭነውም።»

ፈረመ። በትሮቹን እኔ ጋ ጥበቃ ቤት ደረደርናቸው።

ከዚያ ነው እንግዲህ ያ ቀን የመጣው። ርዕሰ መምህሩ ጠራንና፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ልጆቹን ሊያጣሩ ይመጣሉ፣ ከአሥር በታች ለሆነ ክፍል ከእንግዲህ መምህር አይመደብም ተብሏል፣ ሁላችሁም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቅረቡ አለን። አሥራ አንድ ነን፤ ምን ያስፈራናል? ማንም አልሰጋም።

እኔ ግን እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው ልጅቷን ጠረግኋት። ጸጉሯን አሠራሁላት፣ አዲስ ሻሽ ገዛሁላት። ከሚመጡት አንዱ ሲያናግራት አፉን አይታ አንገቷን እንድትነቀንቅ፣ ስጠራት ከንፈሬን አይታ እንድትመጣ፣ ሄዳም እንድትጨብጠው ደጋግሜ አሳየኋት። እንግዳ ፊት የቤት ገመና አይታይም፤ በቃ ይኸው ነው።

ከዋንዛው ሥር ወንበር አስቀመጥንላቸው። ወላጅ በረድፍ ተቀመጠ፣ ልጆቹ ከፊታችን። በሽበት የምበልጠው እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ እኔን ጠሩኝ። የሚመዘግበው ሰውዬ ጨዋ ነው፤ ብድግ ብሎ ነው የተቀበለኝ።

«እንደምን አሉ አባቴ? ቤተሰብ ሰላም ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ልጅቱስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ምንም አልጎደለባትም።»

«መስማቱስ እንዴት ነው?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አባቴ ያሳደጉኝ እንዲህ ብለው ነው፤ ሰው ስለ ቤትህ ሲጠይቅህ መጀመሪያ ሹክር በል፣ አላህ የሰጠህን በሰው ፊት አትክሰስ። እግርህ ተቆርጦ ቢጠይቁህ እንኳ «አብሽር፣ ደህና ነኝ» ትላለህ። ከዚያ ደግሞ ሴት ልጅ ናት። ነገ ጠያቂ ይመጣላታል። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ በእኔ በአያቷ አፍ፣ ደንቆሮ ናት እንዴት ይባላል?

«ከድሮው ይሻላታል» አልኩ። «ትንሽ ትንሽ ትሰማለች።»

«እስቲ ይጥሯት።»

ጠራኋት። ከንፈሬን ስታይ ነበርና መጣች። ሰውዬውን ጨበጠችው፤ የሆነ ነገር አላት፣ አንገቷን ነቀነቀች።

«ጎበዝ!» አለና ጻፈ።

መምህሩ ከኋላ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ ሆነ። «ጌታዬ፣ ይሄ አፍ እያየች ነው እንጂ...» ሲል ሰውዬው እጁን አነሳ፤ «መምህር፣ ወላጅ ይናገር። ልጁን ከወላጅ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ከእኔ ቀጥሎ የነበረው ባጃጅ የሚነዳ ሰው ነው፤ ሦስት ጎረምሳ ወንድሞቹን በጥፊ የሚገዛ ደፋር። እሱም እኔን አየኝ፣ መሬት አየና «የኔም ይመስገን፣ ደህና ነው፤ ይሰማል» አለ። ሽማግሌው እንዲያ ብሎ እሱ ሌላ ሊል ነው? ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ተከተሉን። አንዷማ «እንዲያውም ይዘፍናል» አለች።

ከአምባሰል በኩል፣ ከግሸን ሥር ካለ ገጠር የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ይህ ክፍል አለ ሲሏት ከብቷን ሸጣ፣ ልጇን ይዛ ሐይቅ ወርዳ ቤት የተከራየች፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ነው የምትሸጥ። ተራዋ ሲደርስ ሳትቀመጥ ጮኸች።

«የኔ ደንቆሮ ነው! መብረቅ ጎኑ ቢወድቅ አይሰማም! ጻፈው!»

«ምነው እናቴ፣ መስማት የተሳነው ነው የሚባል» አላት ሰውዬው በትሕትና።

«ስሙን አንተ አሳምረህ ጥራው። መምህሩን ብቻ አትውሰድብኝ።»

ሰው አጉረመረመ። እኔም፣ እኔው፣ ዞር ብዬ «ተይ እንጂ ልጄ፣ ፈጣሪን አታማሪ» አልኳት። ገላምጣኝ ወደ ሰውዬው ዞረች።

ሲጨርሱ ለየልጁ ማኅተም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ተሰጠን። የኔዋ ላይ «በከፊል ትሰማለች» ይላል። አጥፌ በክብር የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ። ክፍሉ ቁጥሩን ስላላሟላ ተዘጋ፤ የሚሰሙት ወደ መደበኛ ክፍል ይግቡ፤ መምህሩ ትርፍ ሆኗልና ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ስፖርት ያስተምር። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሮጥኩ።

«ጌታዬ፣ ይሄ ስሕተት ነው። ልጅቷ እኮ አትሰማም!»

«አባባ፣ ትሰማለች ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ አልነበርኩም እንዴ?»

«ለሰላምታ ነው እንጂ!»

«ሰላምታዎ ሰነድ ሆነ፤ ምን ላድርግዎ?» አለና ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ ከተተ።

መምህሩ በሄደበት ቀን በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሻንጣውን ለመያዝ እጄን ብሰድ አልሰጠኝም።

«አባባ፣» አለኝ፤ «ያን ሁሉ ጊዜ የደከምኩት ልጅቷ ስለ ራሷ እንድትናገር ነበር። እርስዎ አንድ ቀን ስለሷ ተናገሩ፣ ይኸው አለቀ።»

ባጃጅ ውስጥ ገባ። ልጅቷ እስከ አስፋልቱ ሮጠች። እየሮጠች በእጇ የሆነ ነገር ትለዋለች፤ እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።

መደበኛው ክፍል ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ አምስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። እሷን ከኋላ አስቀመጧት። መምህርቷ ስም ስትጠራ አቤት አትልም፤ ትዕቢት ነው ተብሎ በአለንጋ ተገረፈች። ለመምህርቷ ሄጄ ብነግራት «በከፊል ትሰማለች» የሚለውን ወረቀት ግልባጭ አወጣችልኝ። ልጆቹ ደግሞ ከኋላዋ ቆመው በጣሳ ይደበድባሉ፤ ካልዞረች ይስቃሉ፣ ከዞረች ትሰማለች ብለው ይስቃሉ። ይህን ሁሉ ከበሩ ሆኜ አያለሁ። የማነሳው ዱላ በእጄ ነበር፤ ማንን ልምታበት?

ጦርነቱ ከዚህ በኋላ ቀረበ። መጀመሪያ ከወልድያ ወዲያ የተፈናቀለ ሕዝብ መጥቶ ግቢውን ሞላው። አግዳሚውን አንድ በአንድ እየፈለጡ አነደዱት፤ ሕፃን ብርድ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ዘበኛ ነኝ ብዬ ልከልክል? ነጩ በትር እንኳ ለማገዶ ሆነ። ኋላ ውጫሌ ተያዘ ተባለ። ያን ጊዜ ተራው የኛ ሆነ፤ እኛም በእግራችን ወደ ደሴ መንገድ ወጣን።

ያቺ የአምባሰል ሴትም ልጇን ይዛ በመንገዱ ላይ ነበረች፤ ሸክም ከብዷት ወደ ኋላ ቀርታለች። ልጇ ልጅቷን ሲያያት ሮጦ መጣ። ክፍሉ ከተዘጋ ወዲህ እሱ ቤት ስለቀረ ከተያዩ ቆይተዋል። ሁለቱ ከፊቴ እየሄዱ እጃቸው ማረፊያ አጣ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ደስ ያለው እነሱን ብቻ ነበር።

ኬላ ደረስን። የቆሙት ያካባቢው ወጣቶች ናቸው፤ እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው ቀልቷል። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን የሚጠረጥርበት ጊዜ ነው። አንዱ ልጆቹን አያቸውና ጮኸ፤

«ቁሙ!»

እነሱ ሄዱ። ምን ይሰሙና ይቁሙ? ሮጦ ያዛቸው።

«ለማን ነው ምልክት የምትሰጡ? ተራራው ላይ ማን አለ?»

ገመድ አመጡና የሁለቱንም እጅ ወደ ኋላ አሰሩት። ልጅቷ ያን የድሮውን ጩኸት ጮኸች፤ ቃል የሌለበትን።

«ልጆቼ፣ አትሰማም! ደንቆሮ ናት! ወላሂ ደንቆሮ ናት!» አልኩ። ደንቆሮ ናት ብዬ በሕይወቴ መጀመሪያ ያልኩት እዚያ ነው።

«ወረቀት አላት?»

የማኅተም ነገር ይከበራል ብዬ፣ በገዛ እጄ፣ ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ምን እንደሚል ያነበብኩት እኔ አይደለሁ? በድንጋጤ ረሳሁት። ወጣቱ ጮክ ብሎ አነበበው።

«በከፊል ትሰማለች ይላል። ሽማግሌው ይዋሻል።»

ሽበቴን አይቶ እኔን አልመታኝም። እሷን በጥፊ መታት። ፀሐይ ከአናት ላይ እስክታዘቀዝቅ እጇ እንደታሠረ መንገድ ዳር ተንበረከከች። ዓይኗ ከእኔ ላይ አልተነሣም። ልትጠይቀኝ የፈለገችውን በምን ትጠይቀኝ?

ያቺ ሴት ደረሰች። ሸክሟን ጥላ የልጇን ወረቀት ከጡቷ ሥር አወጣች። «ምንም አይሰማም» ይላል። አነበቡት፣ ልጁን ፈቱት፤ ሂጂ አሏት። መሄድ ትችል ነበር። እኔን አይታ መሬት ላይ ተፋችና ወደ ልጅቷ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

«ይቺም የኔ ናት። ፍቷት።»

«እንዴት ያንቺ?»

«መንታ ናቸዋ!»

«መንታ? ልጁ ማተብ አስሯል፣ እሷ ሻሽ ጠምጥማለች!»

«ወሎ ነን፤ ምን ይገርምሃል?»

ከወጣቶቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሌላውም ሳቀ። ገመዱን የፈታው ያ ሳቅ ነው እንጂ የኔ ልመና አይደለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ እጇን ከሻሿ ሥር አታወጣም። ወደ ሐይቅ ተመለስን፤ ትምህርት ቤቱ በሩ የለ፣ መስኮቱ የለ። እሷ ለምግብ ብቻ እጇን ታወጣለች፤ በልታ ትደብቀዋለች። እኔም ከቤት መውጣት አቃተኝ። ለሶላት መስጊድ መሄድ ተውኩ፤ ሰው «እንዴት ናቸው ቤተሰብ?» ይለኛል ብዬ።

ሴትዮዋ አንድ ቀን በሬን ሳታንኳኳ ገባች። ድሮ አንቱ ነበር የምትለኝ።

«አንተ!» አለችኝ። በሽበቴ። «ተጋድመህ ትሞትና ክፍሉን ማን ይከፍትልኛል? በምላስህ የዘጋኸውን በምላስህ ትከፍታለህ። ተነሥ!»

«አቃተኝ፣ ልጄ።»

«ልጄ አትበለኝ። መዋሸቱ አላቃተህም ነበር።»

በማግስቱም መጣች። በሳልስቱም። ትሰድበኛለች፣ ቆሎ በሳህን ታስቀምጥልኛለች፣ ስበላ ቆማ ታያለች፣ እንደገና ትሰድበኛለች። ለልጅቷ ጸጉሯን ትሠራላታለች። አንድ ጠዋት ስድቧ ሲበዛብኝ ተነሣሁ።

ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። ከኋላችን ወረፋ የያዘ ብዙ ነው። ነገሩን ሳስረዳው መዝገቡን አገላበጠ።

«እዚህ ትሰማለች ብለዋል። ምነው፣ ጦርነቱ ነው ያደነቆራት?»

ወረፋው ሳቀ።

«ያኔም አትሰማም ነበር። ዋሽቼ ነው» አልኩ።

«እሱን ጽፈው ይፈርሙልኝ። ሌሎቹ እርስዎን ተከትለው መዋሸታቸውንም ይጨምሩ፤ የእነሱም እንዲሻር።»

በስልሳ ምናምን ዓመቴ፣ ሰው እያየኝ፣ «ዋሽቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ወረፋው «ኧረ ሽማግሌው፣ ቶሎ ይበሉ፤ ውሸቱን ሲናገሩ እንዲህ ፈዘው ነበር?» ይላል። ሴትዮዋ አጠገቤ ቆማ ፊደሌን ታየዋለች፤ እሷ ማንበብ አትችልም። «ሁሉን ጻፈው?» ብላ ሰውዬውን ጠየቀችው። «ጽፈዋል» አላት።

ክፍሉ ከብዙ ምልልስ በኋላ ተከፈተ። የቀድሞው መምህር ሥራ ለቆ ሌላ አገር ሄዷል ተባለ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የተመደበችው መምህርት ምልክት አትችልም። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዳለች፤ ፊደሉን እስከ «መ» ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ሲደክማት ስልኳን ታያለች። ለመንግሥት ግን መምህር ተመድቧል፤ ሰነዱ ሙሉ ነው።

ልጅቷ ከልጁ ጋር ከማገዶ በተረፈ አንድ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። እሱ ያወራታል። መጀመሪያ አትመልስለትም ነበር። አሁን አንዳንዴ አንድ እጇን ታወጣለች። በመስኮት አይቻለሁ። እኔ ስገባ መልሳ ትከተዋለች። እኔን እስከ ዛሬ በእጇ አላናገረችኝም፤ ክስም ቢሆን።

ይኸን ጊዜ ሳልወድቅ ያለፍኩት በጉልበቴ ወይም በጸሎቴ ብርታት አይመስላችሁ። ያሳለፈችኝ ያቺ ከአምባሰል የወረደች ቆሎ ሻጭ፣ የልጁ እናት ናት።